ለቦይ፣ ለመሠረትና ለጠባብ ግቢ፦ ስንት ቶን ሚኒ ኤክስካቫተር ልግዛ?

ቦይ_ሠሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒ ኤክስካቫተር (ትንሽ የመቆፈሪያ ማሽን) ልገዛ ወስኛለሁ፤ መጠኑ ላይ ግን ተቸግሬአለሁ። ሥራዬን በዝርዝር ላስቀምጠውና የምታውቁ ምከሩኝ።

አብዛኛው ሥራ የውኃና የፍሳሽ መስመር ቦይ ነው። ወርዱ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይሆናል። ቀጥሎ የቤት መሠረት አለ፤ እሱ እስከ 2 ሜትር ይወርዳል። አልፎ አልፎ ደግሞ 3 ሜትር የሚጠልቅ የፍሳሽ ጉድጓድ ይመጣል፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። መሬቱ ወይ መረሬ (ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር ጭቃ አፈር) ነው፣ ወይ ድንጋይ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር። ከሦስት ሥራ አንዱ ሰው በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ስለሆነ በሩ ጠባብ ነው፣ ንጣፍም አለ።

ማጓጓዣዬ ተሳቢ ነው። ከነጭነቱ እስከ 3,500 ኪሎ የተፈቀደለት ሲሆን ባዶውን 750 ኪሎ ይመዝናል። ጃክ ሀመርም (ድንጋይ መስበሪያ) ልገጥምለት አስባለሁ። ያየኋቸው በራሳቸው ክብደት 1.7፣ 2.7 እና 3.5 ቶን የሚባሉት ናቸው። «ትልቁን ግዛ፣ ትልቁ የትንሹንም ይሠራል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው? አዲስም ሆነ ያገለገለ ልገዛ እችላለሁ።

ሜትር_ያዥ

ቶኑን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ሜትር ይዘህ በሮቹን ለካ። ጥልቀት ሲያንስ መላ ይገኝለታል፤ ጉልበት ሲያንስ ሥራው ይዘገያል እንጂ ያልቃል። በበሩ ያልገባ ማሽን ግን ውጭ ቆሞ ይውላል።

ከ0.8 እስከ 1 ቶን ያሉት ቼይናቸውን (የሚሄዱበትን ሰንሰለት) ሰብስበው ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ኩቦታ ኬ008-3 ለምሳሌ ተሰብስቦ 70፣ ተዘርግቶ 86 ሴንቲ ሜትር ነው። 1.7 ቶን የሚባሉት ተሰብስበው 1 ሜትር ገደማ ናቸው፤ የኩቦታው ኬኤክስ018-4 ከ99 ወደ 124 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል። 2.5 ቶንና ከዚያ በላይ ስትሄድ የሚሰበሰብ ቼይን እምብዛም አታገኝም። የ2.7 ቶኑ ወርድ ከ1.40 እስከ 1.55 ሜትር ነው፣ የ3.5 ቶኑ 1.70 አካባቢ፣ የ5.5 ቶኑ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል።

በሩን ስትለካ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን አትያዝ። የሚቆጠረው በሩ ተከፍቶ ሳለ ከማጠፊያው ብረት እስከ ማዶው ቋሚ ያለው ክፍተት ነው። እሱንም በሦስት ቦታ ለካው፦ ከመሬት አጠገብ፣ በወገብ ቁመትና ከላይ። ታች የሚያልፈው ቼይኑ ነው፤ ላይ ደግሞ ጣራው አለ፣ ቁመቱ በአብዛኛው ከ2.3 እስከ 2.5 ሜትር ነው። በግራም በቀኝም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ካልተገኘ የግድግዳው ልስን መላጡ አይቀርም። ከበሩ በኋላ መታጠፊያ ካለ እሱንም ለካ። ሰዎች የሚረሱት ይህን ነው፦ በሩ 1.10 ሜትር ሆኖ ሳለ ከበሩ 2 ሜትር ርቆ ኮሪደሩ በቀኝ ማዕዘን ከታጠፈ፣ የተጣጠፈው ቡም (ከማሽኑ አካል የሚነሳው ዋናው ክንድ) ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ይነካል። ቡሙን ወደ ጎን ማዞር የሚችል ማሽን እዚያ ጋ ይድናል።

ሁለተኛው ማጥሪያ ተሳቢህ ነው። 3,500 ሲቀነስ 750፣ የቀረህ 2,750 ኪሎ ነው። «2.7 ቶን» የሚባለው ስም ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ክብደት ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሳህን ላይ ያለው ነው። ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የሥራ ክብደት በአብዛኛው ሙሉ ናፍታ፣ አንድ ባኬት (የመቆፈሪያው አካፋ) እና 75 ኪሎ የሚታሰብለትን ኦፕሬተር ያጠቃልላል፤ አንዳንዱ ግን ያለ ባኬት ይጽፋል፣ አንዳንዱ ካቢን የሌለውን ይጽፋል። እንግዲህ 2,650 ኪሎ የሚመዝን ማሽን ላይ 50 ኪሎ የባኬት መቀያየሪያ፣ 100 ኪሎ ተጨማሪ ባኬቶችና 150 ኪሎ ሀመር ጨምር፤ 2,950 ኪሎ ደረሰ። በአንድ ጉዞ አይሄድም ማለት ነው። 1,750 ኪሎ የሚመዝነው ግን ከነዕቃው 2 ቶን አካባቢ ይሆናል፣ ተሳቢው ላይ ትርፍ ይቀርልሃል። 3.5 ቶኑ በዚህ ተሳቢ የማይታሰብ ነው፤ ከገዛኸው ከባድ ተሳቢና የሚጎትተው መኪና አብረህ ልትገዛ ነው። የሚጎትተው መኪና ራሱ የሚፈቀድለትንም እይ፤ ተሳቢው 3,500 ተባለ ማለት መኪናው ያንን ይጎትታል ማለት አይደለም።

ጥልቀት ሦስተኛ ነው። በጥቅሉ 1.7 ቶን ከ2.2 እስከ 2.4 ሜትር፣ 2.7 ቶን ከ2.5 እስከ 2.8፣ 3.5 ቶን 3 ሜትር ወይም ትንሽ ዘለል ያለ፣ 5.5 ቶን ከ3.6 እስከ 3.9 ሜትር ይቆፍራል። ይህ ቁጥር ግን የሚለካው አርሙ (ባኬቱን የሚይዘው የክንዱ ጫፍ ክፍል) ቀጥ ብሎ ቁልቁል ሲወርድና የባኬቱ ጥርስ ጫፍ አንድ ነጥብ ሲነካ ነው። ወለሉ ደልዳላ የሆነ ቦይ ስትፈልግ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ከቱቦው ሥር የሚነጠፈው አሸዋ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ስለዚህ 1.5 ሜትር ቦይ ለ1.7 ቶኑ ምቹ ነው፤ የ2 ሜትሩ መሠረት ይሠራል ግን በጠርዙ ነው። ረጅም አርም ያላቸው አሉ፣ 20 እና 30 ሴንቲ ሜትር ይጨምራሉ፤ በምትኩ የመፈንቀል ኃይላቸውና የማንሳት አቅማቸው ይቀንሳል። ድንጋይ ላለበት መሬት አልመክረውም።

እኔ ከሰጠኸው ነገር የማየው፦ ከጠባብ በሮችህ ከ1.50 በታች የሆኑት በርከት ካሉ ምርጫህ ከ1.7 እስከ 2 ቶን ባለው ውስጥ ነው። የ3 ሜትሩ ጉድጓድ በዓመት ሦስት አራቴ የሚመጣ ስለሆነ እሱን ብለህ ማሽን አትምረጥ፤ ለእሱ ተከራይ።

ላይ_ታች

በበሩ ነገር እስማማለሁ። 1.7 ቶኑን ግን እንዲህ በቀላሉ አልሰጥህም፤ መሬትህ ድንጋይ አለው።

የሥራ ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። 40 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 24 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ስለሚነፋ ሩቡን ጨምር፣ 30 ሜትር ኩብ። ቆፍሮ፣ ዞሮ፣ ደፍቶ መመለስ 20 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል፤ ከሰዓቱ ውስጥ የሚሠራው 45 ደቂቃ ቢሆን 135 ባኬት ነው። የ1.7 ቶኑ ባኬት 0.04 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ 85 በመቶ ሲሞላ በሰዓት 4.6 ሜትር ኩብ። ያ ቦይ 6 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። 2.7 ቶኑ በ0.07 ባኬት በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ያወጣል፣ ከ4 ሰዓት በታች ይጨርሳል። 3.5 ቶኑ በ0.10 ባኬት 11.5 ያወጣል፣ 2 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይህ ለስላሳ አፈር ላይ ነው። ድንጋይ ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ምክንያቱም የ1.7 ቶኑ ባኬት የሚፈነቅልበት ኃይል 1.5 ቶን አካባቢ ሲሆን የ3.5 ቶኑ በእጥፍ ይበልጠዋል። ትንሹ ማሽን ድንጋዩን ሲይዝ ድንጋዩ አይነሳም፣ የማሽኑ የኋላው ብድግ ይላል። ኦፕሬተሩ ዙሪያውን እየቧጨረ ያንን አንድ ድንጋይ ለማውጣት ሩብ ሰዓት ያባክናል።

«ትልቁ የትንሹን ይሠራል» ለሚሉህ ደግሞ መልሱ ግማሹ እውነት ነው የሚል ነው። 3.5 ቶን ላይ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡት 60 ሴንቲ ሜትር ባኬት ነው። 40 ሴንቲ ሜትር የሚበቃውን ቦይ በ60 ከቆፈርከው 19.2 ሜትር ኩብ ይሆን የነበረው 28.8 ይሆናል። ያን ትርፍ አፈር ታወጣለህ፣ ትመልሳለህ፣ ትጠቀጥቃለህ፤ አሸዋውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ጠባብ ባኬት መግዛት ይቻላል፣ መረሬ ላይ ግን ጠባብ ባኬት ራሱ ጣጣ አለው፤ ጭቃው በሁለቱም የጎን ግድግዳው ላይ ይጣበቅና ባኬቱ ሲገለበጥ ግማሹ ውስጡ ይቀራል። ቀጥሎ ስትቆፍር ግማሽ ባኬት ብቻ ነው የምታወጣው፣ ከላይ ያልኩህ 85 በመቶም ወደ 50 ይወርዳል። ለመረሬ ከታች ጠበብ ከአፉ ሰፋ ያለ፣ ጥልቀቱ ያልበዛ ባኬት ምረጥ። 30 ሴንቲ ሜትሯን ለደረቅ አፈር አስቀምጣት።

ሌላው ሰው የማያሰላው አፈሩ የሚደፋበት ቦታ ነው። የወጣው አፈር ከቦዩ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ካልራቀ ክብደቱ የቦዩን ግድግዳ ይንደዋል፣ ውስጥ ሰው ካለ ይገድላል። ያ 50 በ120 የሆነ ቦይ በእያንዳንዱ ሜትር 0.75 ሜትር ኩብ የተነፋ አፈር ይወጣዋል፤ ሲቆለል መሠረቱ ወደ 2 ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ከቦዩ አጠገብ 2.6 ሜትር ባዶ ቦታ ትፈልጋለህ። ጠባብ ግቢ ውስጥ ይህ የለም። አፈሩ በትንሽ ዳምፐር (አፈር መጫኛ ተሽከርካሪ) ወይም በጋሪ ይወጣል፣ ያኔ ደግሞ የሚጠብቀው ማሽኑ ዳምፐሩን ነው እንጂ ዳምፐሩ ማሽኑን አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የትልቁ ፍጥነት ጥቅም አይሰጥም። ገልባጭ መኪና ላይ በቀጥታ መጫን ከፈለግህ የመድፊያ ቁመት ይወስናል፤ 1.7 ቶኑ 2.4 ሜትር አካባቢ ነው የሚደርሰው፣ 3.5 ቶኑ ከ3.3 ሜትር ያልፋል። የገልባጩን የጎን ከፍታ ለክተህ ከሱ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል ማሽን ነው የሚያስፈልግህ።

የኋላ አካሉን ነገርም አስብበት። ሲዞር ከቼይኑ የማያልፍ፣ ዜሮ ቴይል የሚሉት፣ ግድግዳ አጠገብ ሲሠራ ኦፕሬተሩ ኋላውን ሳያይ መዞር ይችላል። ግን የኋላ ክብደቱ ወደ መሃል ስለገባ በጎን ሲያነሳ ቶሎ ይንገዳገዳል፣ ሞተሩም ስለታጨቀ ፊልትሮ መቀየር እጅ ያስቸግራል። ክፍት ቦታ ላይ የምትሠራ ቢሆን ኖሮ የድሮውን ዓይነት ነበር የምልህ። ለግቢ ሥራ ግን ዜሮ ቴይል ይሁን።

ማንሳትን በተመለከተ፦ ቱቦ በማሽኑ የምታወርድ ከሆነ አስላ። ውስጡ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ቱቦ በሜትር 410 ኪሎ ይመዝናል። 1.7 ቶኑ ይህን በ2.5 ሜትር ርቀት ወደ ጎን አያነሳም። የማንሳት ሠንጠረዡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ማሽኑን ከሚገለብጠው ክብደት 75 በመቶ ወይም ከሃይድሮሊኩ አቅም 87 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። በዚያ ላይ «ወደ ፊት፣ ብሌድ መሬት ነክቶ» ከሚለው አምድ አታንብብ (ብሌድ ከማሽኑ ፊት ያለው የአፈር መግፊያ ሳህን ነው)፤ ትልቅ የሚመስለው ቁጥር እሱ ነው። «ወደ ጎን» የሚለውን አንብብ።

የሚሰበሰብ ቼይን ያለው ከገዛህ ደግሞ፦ የተሰበሰበው ለማለፍ ብቻ ነው። በሩን እንዳለፈ ቼይኑን ዘርጋ፣ የብሌዱንም ክንፎች አውጥተህ ፒናቸውን ምታ። በ99 ሴንቲ ሜትር ቆሞ ወደ ጎን የቆፈረ ማሽን ይገለበጣል።

በሮችህ 1.60 ሜትር ካለፉ እኔ 2.5 ቶን አካባቢ እገዛ ነበር፤ ከተሳቢህ ልክ የማያልፈውን። ካላለፉ ሜትር_ያዥ ያለው ይሻላል።

ሲልና_ፓምፕ

ጃክ ሀመሩን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ማሽኖች የሚበላሹት እዚያ ላይ ነው።

ሀመር በክብደት ብቻ አይመረጥም። ለ1.7 ቶን ከ80 እስከ 130 ኪሎ ያለው ይሆናል፤ ለ3.5 ቶን ከ150 እስከ 250 ኪሎ። ከክብደቱ በላይ ግን የሚላክለት የሃይድሮሊክ ዘይት መጠን ይወስናል። 1.7 ቶኑ ለተጨማሪ ዕቃ በደቂቃ 30 ሊትር አካባቢ ይሰጣል፤ 3.5 ቶኑ ወደ 60 ሊትር። 25 ሊትር የሚፈልግ ሀመር ላይ 50 ሊትር ከላክህበት ምቱ ይፈጥናል፣ ዘይቱ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ይቃጠላል። መጠኑን የሚቀንስ ማስተካከያ ያለው ማሽን ጥሩ ነው። መመለሻው መስመር ደግሞ በቫልቭ ተመልሶ ሳይዞር በፊልትሮ አልፎ በቀጥታ ወደ ታንከር መግባት አለበት። የመመለሻው ግፊት ከበዛ ሀመሩ ይደክማል፣ ሰዎች ግን ሀመሩ ተበላሸ ብለው ይፈቱታል። አንድ ቦታ ላይ ከ30 ሴኮንድ በላይ አትምታ፤ ድንጋዩ ካልተሰነጠቀ ጫፉ ይግልና ይለሰልሳል፣ ቦታ ቀይር። ግሪስ በየ2 ሰዓቱ፤ ስትሰጥ ጫፉን መሬት ላይ ቀጥ አድርገህ ተጫነው፣ አለበለዚያ ግሪሱ ከፒስተኑ ሥር ገብቶ ጎሚኒውን ይገፋዋል። የማሽኑ ክንድ ፒስተኖች እስከ መጨረሻቸው ተዘርግተው ወይም ተሰብስበው ሳለም አይመታም፤ ንዝረቱ የሲሊንደሩን ራስ ይበላዋል።

ሞተሩ ላይ አንድ ድንበር አለ፦ 19 ኪሎ ዋት፣ ወደ 25 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ከዚያ በታች ያሉት በአብዛኛው ቀላል ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት አዳዲሶቹ፣ በተለይ የአውሮፓን የጭስ ደረጃ 5 የሚያሟሉት፣ የጭስ ማጥሪያ አላቸው፤ ናፍታ የሚረጩትም በኤሌክትሮኒክስ ነው። ድኝ የበዛበት ወይም ውኃ የነካው ናፍታ ከምታገኝበት ቦታ ከሠራህ ማጥሪያው ይደፈናል፣ ኢንጀክተሩ ይበላል። ብዙ 3.5 ቶን ማሽኖች 24 ተኩል የፈረስ ጉልበት ላይ የቆሙት በአጋጣሚ አይደለም፣ ያንን ድንበር ላለማለፍ ነው። አንተ የምታስባቸው መጠኖች ከድንበሩ በታች ሊገኙ ይችላሉ፤ ያንን ምረጥ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ድረስ። ሞቆ የሚጠብቅህ ማሽን ላይ ሻጩ የማያሳይህ ነገር ሊኖር ይችላል፤ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርገህ ሞቆ ካገኘኸው ሌላ ቀን ተመለስ። ሲነሳ ነጭ ጭስ ብቅ ብሎ በአንድ ሁለት ደቂቃ ከጠፋ ችግር የለውም። ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ የሞተሩ ቀለበቶች አልቀዋል።

ከዚያ ቼይኑን የሚጎትተውን ጥርሳም ጎማ እይ። አዲስ ጥርስ ከሁለቱም ጎን እኩል ነው። ያለቀ ጥርስ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል፣ ጫፉም ይሾላል። ጥርሱ እንዲህ ሆኖ ቼይኑ አዲስ ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ለሽያጭ ተብሎ ቼይን ብቻ ተቀይሯል፣ ያለቀው ጥርስም አዲሱን ቼይን ከውስጥ ይበላዋል። በዚያው ጎን ያለውን የመንጃ ሞተር ክዳን በጨርቅ ጥረገውና አንድ ሰዓት ካሠራኸው በኋላ ተመልሰህ እይ። ዘይት ካዠ ሲሉ (ዘይቱን የሚይዘው ማሸጊያ) ሄዷል። የማርሹን ዘይት መፍቻ ቡሎን ከፍተው እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብረት ካየህ አትግዛ።

ላይኛውን አካል የሚሸከመውን ትልቅ ኩሽኔታ ለመፈተሽ ባኬቱን መሬት ላይ ተጭነህ የማሽኑን ፊት ትንሽ አንሳ፣ ከዚያ መልሰህ አውርድ። ሌላ ሰው ከጎን ተንበርክኮ በላይኛውና በታችኛው አካል መካከል ያለውን ክፍተት ይይ። ሲነሳና ሲወርድ ክፍተቱ በብዙ ሚሊ ሜትር ከተቀያየረ ኩሽኔታው ተበልቷል። ይህ በሚኒ ኤክስካቫተር ላይ ከሚያጋጥሙት ሁሉ ከከባዶቹ ወጪዎች አንዱ ነው፣ ማሽኑን ለሁለት መክፈል ይጠይቃልና።

ቡሙን ከፍ አድርገህ ሞተሩን አጥፋና 10 ደቂቃ ጠብቅ። ትንሽ መውረድ ያለ ነው፤ ዓይንህ እያየ የሚወርድ ከሆነ የፒስተኑ ጎሚኒ ወይም ቫልቩ ያልፋል። ብሌዱንም እንዲሁ አንሳው። ብሌዱ ብቻ የሚወርድ፣ ወይም ሲነዳ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ዘይቱን ወደ ታች የሚያስተላልፈው መሃሉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ መሆኑን ጠርጥር። የሰዓት ቆጣሪውን ብቻውን አትመን። ፔዳሉ ላይ ያለው ጎማ ጠፍቶ ብረቱ አብረቅርቆ ሳለ ቆጣሪው 900 ሰዓት ካለህ ሁለቱ አይስማሙም።

ቦይ_ሠሪ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። በሮቹን ለካሁ። አሁን በእጄ ካሉት ዘጠኝ ጠባብ ቦታዎች አምስቱ ከ1.05 እስከ 1.20 ሜትር ናቸው። የቀሩት አራቱ ከ1.35 እስከ 1.50 ናቸው። 2.7 ቶኑ እንግዲህ ከዘጠኙ አንዱንም በምቾት አይገባም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። 1.7 ቶኑን ከገዛሁ የ3 ሜትሩን ጉድጓድ በመላ መቆፈር ይቻላል? እንዲሁም ባኬትና ሀመር ከማሽኑ ጋር ሳይሆን ለብቻ ልገዛ ስለምችል የሚገጥመውን በምን አውቃለሁ?

ሜትር_ያዥ

1.05ቱ ላይ ተጠንቀቅ፤ ማሽኑ 99 ከሆነ በየጎኑ የሚተርፍህ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ የበሩን ተካፋች ከማጠፊያው አውልቀው ካስገቡ በኋላ መመለስ ይሻላል።

ለጉድጓዱ፦ ይቻላል፣ ደረጃ ትሠራለህ። ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ መጀመሪያ 1 ሜትር ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ላይ ሆኖ 2 ሜትር ሲቆፍር 3 ሜትር ይሆናል። መቆሚያው 2 በ3 ሜትር ቢሆን 6 ሜትር ኩብ ነው። መውረጃው በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ከሆነ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ሌላ 4 ሜትር ኩብ። በጠቅላላ 10፣ ሲነፋ 12.5። ላይ_ታች ባሰላው ፍጥነት ሦስት ሰዓት ገደማ ለደረጃው ብቻ ይሄዳል፣ መልሶ መሙላቱ ሳይቆጠር። ግቢው 7 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ርዝመት ከሌለው ይህ አይሠራም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ደረጃው ላይ የቆመው ማሽን ሙሉ ክብደቱን የሚያሳርፈው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ይንሸራተታል፤ ስንጥቁ ከጠርዙ 1 ሜትር ገባ ብሎ ከታየ ያ ሁሉ አንድ ላይ ይወርዳል። ቼይኑ ከጉድጓዱ ጋር ትይዩ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይቁም፣ የመንጃ ሞተሮቹ ከኋላ ይሁኑ፤ ጠርዙ ቢላላ በቀጥታ ወደ ኋላ ትወጣለህ። ዝናብ በዘነበ ማግስት አትሞክረው። የታችኛውን ወለል ለማስተካከልም ድጋፍ ሳይደረግ ሰው አይግባ። ቦታው ሰፊ ሆኖ 5 ቶን የሚገባ ከሆነ ያለ ማመንታት ተከራይ።

ሲልና_ፓምፕ

ባኬት የሚገጥመው በቶን ሳይሆን በሦስት ልኬት ነው። አንደኛ የፒኑ ውፍረት፦ 1 ቶን አካባቢ ያሉት በአብዛኛው 25 ሚሊ ሜትር፣ ከ1.5 እስከ 2 ቶን 30፣ ከ2.5 እስከ 3 ቶን 35፣ ከዚያ በላይ 40 እና 45 ናቸው። ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በካሊፐር ለካው። የምትለካውም ከፒኑ ጫፍ ነው እንጂ ከመሃሉ አይደለም፤ መሃሉ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ የአርሙ ጫፍ ወርድ፣ ማለትም በባኬቱ ሁለት ጆሮዎች መካከል የሚገባው። ሦስተኛ ከአንደኛው ፒን መሃል እስከ ሁለተኛው ፒን መሃል ያለው ርቀት። ሦስተኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ባኬቱ ይገጥማል፣ ፒኑም ይገባል፤ ርቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ቢለይ ግን ባኬቱ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም ወይም ሲታጠፍ አርሙን ይመታል።

ጆሮዎቹ ከአርሙ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቢሰፉ በቀጭን ብረት ቀለበት ይሞላል። ባዶውን ከተውከው ባኬቱ ወደ ጎን እየተወዛወዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ቡሹን (ፒኑ የሚገባበትን ቀለበት) ሞላላ ያደርገዋል። የባኬት መቀያየሪያ ከጨመርክ ደግሞ ባኬቱን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቀዋል። በዚህም የባኬቱ የመፈንቀል ኃይል ይቀንሳል፤ ድንጋይ በበዛበት ቀን መቀያየሪያውን አውልቀህ በቀጥታ በፒን ግጠም።